ከወደቀ ሐውልት ስለሚሠራ ሐውልት

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ቅርጻ ቅርጽ ጥበብ ነው። ይሁንና ነገሩ የሠዓልያንና የቀራፅያን ብቻ እንዳይመስላችሁ እለምናችኋለሁ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጣችሁ የንብረት መዝገብ የምትይዙ፣ አገልግሎት የማይሰጥ ዕቃ እንዲወገድ በቃለ ጉባኤ የምትፈርሙ ሁሉ በዚህ ጥበብ ውስጥ ድርሻ አላችሁ፤ ምን ዓይነት ድርሻ እንደ ሆነም ወደ ኋላ እናገራለሁ።

መንግሥት በተለወጠ ቍጥር በየአደባባዩና በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ይለወጣል። ፎቶግራፍ ይወርዳል፤ ሌላ ፎቶግራፍ ይሰቀላል። መፈክር የተጻፈበት ቆርቆሮ ይነቀላል፤ ሌላ ይተከላል። ሐውልት ይቆማል፤ ሐውልት ይወድቃል። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ፕሮፓጋንዳ፣ ማለት የፖለቲካ ስብከት መሣሪያ ብንለው፣ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፤ ሰባኪው ከሄደ በኋላ መሣሪያው ምን ይሁን? ይሰበር? ይቀበር? ይሸጥ? ወይስ አንድ የእጅ ባለ ሙያ ተረክቦት ሌላ ነገር ያናግረው?

ይህ የዋናው ከተማ ሰዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከሮቤ ተነሥቶ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚሄድ መንገደኛ የሚያልፍባትን የባሌዋን ጎሮን ለምሳሌ ውሰዱ። በዚያ አገር የኖረ አንድ ሽማግሌ በዕድሜው ያየውን ቢቈጥር ብዙ ነው። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ለሰባት ዓመት ያህል የቈየውን የባሌ ገበሬዎች ዐመፅ ያስታውሳል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የባሌ ቆላ የጦር ሜዳ እንደ ነበረ ያስታውሳል። ከጦርነቱም በኋላ የመንደር ምሥረታ ከሌላው ክፍለ ሀገር ቀድሞ በባሌ ሲጀመር፣ ተበታትኖ የነበረው ጎጆ በሰልፍ ሲሠራ አይቷል። ከእያንዳንዱ ዘመን ጋር ሰሌዳው፣ ፎቶግራፉ፣ ማኅተሙና መፈክሩ መጥቷል፤ ከዘመኑም ጋር ሄዷል። ማጭድና መዶሻ የተሳለበት ቆርቆሮ የት እንደ ደረሰ ብትጠይቁ፣ በየትኛውም የአገራችን ወረዳ የምታገኙት መልስ ተመሳሳይ ነው፤ የዶሮ ቤት ክዳን ሆኗል፤ ወይም የጓሮ አጥር ተደፍኖበታል፤ ወይም ቁራሌው ወስዶታል።

ይህም ቢሆን የሚናቅ ሥራ አይደለም። ሕዝባችን የባለ ሥልጣንን ምልክት ወደ ቤት ዕቃ መለወጥ የለመደው ዛሬ አይደለም። የነምሳዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር 1780 የሚል ዘመን የታተመበት ብር ለብዙ ዘመን በአገራችን ገበያ ሲዞር ኖሯል፤ አንጥረኛው ግን እያቀለጠ የአንገት መስቀልና አምባር ሠርቶበታል። በእኛ ዘመን ደግሞ የእርዳታ ዘይት የመጣበት ጣሳ አለ። የለጋሹ አገር ስምና ምልክት፣ ከዚያም በታች እንዳይሸጥ የሚከለክል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ታትሞበታል። ቆርቆሮ ሠሪው ይቀደውና ኩራዝ ወይም ምድጃ ያደርገዋል። አይሸጥም የሚለው ጣሳ ምድጃ ሆኖ በገበያ መካከል ሲሸጥ ማየት ለብቻው የሚያስቅ ነው።

ነገር ግን አንድ ልዩነት ልብ እንድታደርጉልኝ እፈልጋለሁ። አንጥረኛው ብሩን ሲያቀልጥ ንግሥቲቱ ጠፍታለች፤ ከመስቀሉ ላይ ማንም ሊያገኛት አይችልም። ዶሮ ቤቱ ላይ የተመታው ሰሌዳም ፊቱ ወደ ውስጥ ስለ ዞረ ከዶሮዎቹ በቀር የሚያነበው የለም። ዕቃው አዲስ ሥራ አግኝቷል፤ አሮጌው ቃል ግን ተደምስሷል። እኔ ዛሬ የምናገርለት ጥበብ ከዚህ ይለያል። ይህ ጥበብ አሮጌውን ቃል ሳይደመስስ፣ እንዲያውም በግልጽ እንዲነበብ ትቶት፣ በላዩ አንድ ነገር በመጨመር ወይም ከውስጡ አንድ ነገር በማጉደል ትርጕሙን ይገለብጣል። ለዚህም ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ያለው በሩቅ አገር ሳይሆን በአዲስ አበባ፣ በስድስት ኪሎ ነው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ተምራችሁ በወጣችሁበት ግቢ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ምናልባት ለፈተና ስትሮጡ በአጠገቡ አልፋችሁ ይሆናል።

በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር በሆነው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት፣ አንድ ጠምዛዛ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ወደ ሰገነት አያወጣም፤ ወደ በር አያደርስም። እየዞረ ወደ ላይ ይወጣና በባዶ ሰማይ ላይ ያበቃል። ያሠሩት ፋሺስቶች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ በሥልጣን ላይ ለኖረበት ለእያንዳንዱ ዓመት የቆመ ሲሆን፣ ቈጠራው የሚጀምረው ጥቍር ሸሚዝ ለባሾቹ ወደ ሮማ ከገሠገሡበት፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1922 ዓመት ነው። እንግዲህ ሐሳቡን ተመልከቱት። ደረጃ ማለት የሚወጣ ነገር ነው፤ ዓመት በተጨመረ ቍጥር እርከን ይጨመራል፤ እርከን በተጨመረ ቍጥር መንግሥታቸው ከፍ ይላል። ማብቂያም አልተበጀለትም፤ እነርሱ ዘመናቸው የሚያልቅ አልመሰላቸውምና።

ሥፍራውንም አስታውሱ። ይህ ቤተ መንግሥት በወረራው ጊዜ የግራዚያኒ መቀመጫ ነበረ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት በዚህ ግቢ ነው፤ ከዚያም ተከትሎ ለሦስት ቀን የአዲስ አበባ ሕዝብ በየቤቱና በየመንገዱ ተፈጀ። በግቢው መግቢያ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ላይ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት የዚያ ቀን መታሰቢያ ነው፤ የሠሩትም አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉት የዩጎዝላቪያ ቀራፅያን ናቸው። ያን ሐውልት ሁሉም ያውቀዋል፤ በየዓመቱም የአበባ ጕንጕን ይቀመጥለታል። ደረጃውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከአገር ከወጣ በኋላ ደረጃውን ማፍረስ ቀላል ነበረ። አንድ የድማሚት ጥይት ወይም ዐሥር መዶሻ የያዙ ሠራተኞች ይበቁ ነበር፤ የፈረሰ እንደ ሆነም ማንም ባልነቀፈ። እንዳለ ቢተዉት ደግሞ ወንድም እኅቱ ለታረደበት ሰው በየቀኑ የሚታይ ስድብ ይሆን ነበር። የተደረገው ሦስተኛ ነገር ነው። ከመጨረሻው እርከን ጫፍ ላይ አንድ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠ።

ሌላ የተደረገ ነገር የለም። አንድም እርከን አልተሰበረም፤ ቀለምም አልተቀባበትም፤ የስድብ ቃልም አልተጻፈበትም። ነገር ግን አንበሳው ከተቀመጠ ጀምሮ ደረጃው ሌላ ነገር ይናገራል። ፋሺስቶች ለራሳቸው ክብር የቈጠሩት ዓመት ሁሉ የአንበሳው መቆሚያ ሆነ። ሽቅብ እየዞረ የሚወጣው ቈጠራ አንበሳው ዘንድ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚረገጥ እርከን የለም። ጠላት በራሱ ሲሚንቶና በራሱ መሐንዲስ የድል ሐውልታችንን እግር ሠርቶልን ሄደ ማለት ነው። ወጪውም የአንድ አንበሳ ዋጋ ብቻ መሆኑን፣ የበጀት ነገር የሚያሳስባችሁ ወዳጆቼ፣ መዝግቡልኝ።

ዛሬ በአውሮጳና በአሜሪካ ያሉ ዘመናውያን ቀራፅያን የፖለቲካን ውዳቂ እያነሡ ሲሠሩበት የዘመኑ ትልቅ ግኝት ተደርጎ ይነገራል። ይህ በአገራችን ያለ የኤግዚቢሽን ካታሎግ ከብዙ ዘመን በፊት ተሠርቶ የቆመ ነው።

የዕቃን ትርጕም መገልበጥ ግን ሁልጊዜ የተበዳይ መሣሪያ አይደለም፤ በዳዩም ይሠራበታል። ይህንንም ፋሺስቶች ራሳቸው በሮማ ከተማ አሳይተዋል። ለ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት የቆመው፣ ዦርዥ ጋርዴ የተባለው የፈረንሳይ ቀራፂ የሠራው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ተነቅሎ ወደ ሮማ ተወሰደ። የት አኖሩት? በጥር 1879 ዓ.ም. በራስ አሉላ ጦር በዶጋሊ ለወደቁት የጣልያን ወታደሮች መታሰቢያ ከሆነው ሐውልት ሥር። ያ የዶጋሊ ሐውልት ደግሞ ራሱ ከሌላ ሕዝብ የተገኘ ዕቃ ነው፤ ከላይ ያለው የድንጋይ ዘንግ በፈርዖን ራምሴስ ሁለተኛ ዘመን በግብፅ የተጠረበ፣ በጥንት ዘመን ወደ ሮማ የተወሰደ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ከመሬት ተቈፍሮ የወጣ ነው። የፈርዖን ድንጋይ፣ የዶጋሊ ሙታን ስም፣ የኢትዮጵያ አንበሳ፤ ሦስት አገር በአንድ መቆሚያ ላይ ተደራርቦ ለአንድ ሰው ትዕቢት ይሰብክ ነበር።

በዚህ ሐውልት ፊት ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ያደረገውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለአንበሳው ተንበርክኮ ሳለ ሊከለክሉት የመጡትን በጎራዴ መታ፤ ከዚያም አገሩን ሳያይ በ1937 ዓ.ም. በጣልያን ምድር በእስር ሞተ። ለብዙ ሰው የነሐስ ቍራጭ ብቻ ለሆነ ነገር ሕይወቱን ሰጠ። አንበሳው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ፣ እነሆ ዛሬም ለገሃር ቆሟል። ከስድስት ኪሎው ጋር ስናስተያየው ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ የሮማው ድርድር ሊቆም የሚችለው የሌላውን ንብረት ከቤቱ ነቅሎ በማምጣት ነበረ፤ የስድስት ኪሎው ግን ባዕድ በእኛ መሬት ላይ ለሠራው ነገር የተሰጠ መልስ ነው። ጥበብ ነው ብለን ሁለቱን በእኩል ዐይን ማየት አንችልም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በመስከረም 1976 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ፣ የሌኒን የነሐስ ሐውልት ቆመ። ኮቱን ይዞ ለመራመድ የተነሣ ይመስል ነበረ፤ ፊቱም ወደ ቦሌ ዞሮ ስለ ነበረ የከተማው ሰው በጓዳ ሲያወራ፣ «እርሱም አውሮፕላን ሊሳፈር ነው» ይል ነበር። ቀልዱ የተነገረው ስለ ሐውልቱ ነበረ፤ አገር ጥለው የሄዱት ግን በግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሐውልቱን ያስቆሙት መሪ ሆኑ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 15 ቀን፣ ሌኒን ከመቆሚያው ወረደ። ስምንት ዓመት እንኳ ሳይሞላ የቆመው ነሐስ ከዚያ በኋላ ከአሮጌ ዕቃ ጋር በጀርባው ተንጋሎ ዓይኑን ወደ ሰማይ አቅንቶ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ያዩት መንገደኞች ጽፈውለታል፤ ፎቶግራፉም ታትሟል። ተጋድሞ የኖረበት ዘመን ቆሞ ከኖረበት እጅግ በለጠ። የምሥራቅ ጀርመኑ ቀራፂ ዮ ያስትራም የቀረፀው የካርል ማርክስ የድንጋይ ራስ ግን አልወደቀም፤ ጢሙን አንዠርጎ በስድስት ኪሎ አለ፤ ከፋሺስቱ ደረጃ ጋር ያለውም ርቀት የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ስለዚህ በአንድ ሰፈር፣ በእግር ጉዞ፣ ያልተነካውንና መልስ የተሰጠውን ሁለቱንም የፕሮፓጋንዳ ዕቃ ለማየት ይቻላል።

በውጭ አገር ሌኒንን ምን አደረጉት? በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት የወደቁትን ሐውልቶች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1993 በከተማው ዳርቻ መናፈሻ ከፈቱላቸው። በዩክሬን ደግሞ በኦዴሳ ከተማ፣ አሌክሳንድር ሚሎቭ የተባለ ቀራፂ እ.ኤ.አ. በ2015፣ የኮሙኒስት ምልክቶች እንዲነሡ ሕግ በወጣበት ዓመት፣ በአንድ የፋብሪካ ግቢ የቆመውን ሌኒን ሳያነሣው በላዩ ካባና የራስ ቍር ደረበበትና ዳርት ቬደር የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ጨካኝ አደረገው። በራሱም ውስጥ የኢንተርኔት ማሰራጫ ተገጠመለት። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ግን አንድ ጊዜ ሥቀው ካለፉ በኋላ የሚቀር ነገር አይታየኝም። የአንዱን አገር ስብከት አውርዶ የሌላውን አገር ሲኒማ መስቀል ነጻነት ይባል እንደ ሆነ እናንተው ፍረዱ።

ከዚህ ይልቅ የሞዛምቢክ ሥራ ልብን ይነካል። በዚያች አገር የእርስ በርስ ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲያበቃ ሕዝቡ በየቤቱ ጠብመንጃ ቀብሮ ነበር። ዲኒሽ ሴንጉላኔ የተባሉት የአንግሊካን ጳጳስ እ.ኤ.አ. በ1995፣ መሣሪያውን ላስረከበ ሁሉ የልብስ ስፌት መኪና፣ ብስክሌት፣ መቈፈሪያ የሚሰጥ ማኅበር ሥራ አስጀመሩ። የተሰበሰበውም መሣሪያ ተቈራርጦ ለማፑቶ ሠዓልያን ተሰጠ። ክሪስቶቫው ካንያቫቶ የተባለው ቀራፂ እ.ኤ.አ. በ2001 ከጠብመንጃ ቍርጥራጭ የሠራው ዙፋን ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ጠብመንጃ የፕሮፓጋንዳ ዕቃ ነውን የሚል ጠያቂ ቢኖር፣ የሞዛምቢክን ሰንደቅ ዓላማ እንዲመለከት እመክረዋለሁ፤ ክላሺንኮቭ ተሥሎበታል። ዙፋኑ ላይ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሰደፉን ከነሙዳው፣ አፈ ሙዙን ከነቀዳዳው ያገኘዋል። ቀራፂው አላቀለጠውም። ቢያቀልጠው ኖሮ አንድ የብረት ወንበር ሆኖ በቀረ ነበር።

ይህን የማቅለጥን ነገር በሚገባ የሚያሳይ ታሪክ ከአሜሪካ ልጨምር። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሻርለትስቪል ከተማ፣ ለባርነት ሲዋጉ የነበሩ የሁለት ጄኔራሎች ሐውልቶች ነበሩ፤ የጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1921፣ የሊ በ1924 የቆሙ። ሁለቱም በ2021 ከአደባባይ ተነሡ። የሊ ሐውልት በ2023 ቀልጦ፣ ከነሐሱ ሌላ አዲስ የአደባባይ ሥራ እንዲሠራበት ተወሰነ። የጃክሰን ሐውልት ግን ሳይቀልጥ ካራ ዎከር ለተባለችው ጥቍር አሜሪካዊት አርቲስት ተላለፈላት፤ እርስዋም ፈረሱንና ፈረሰኛውን ቈራርጣ፣ ራስ ሊሆን የሚገባውን ከሥር፣ እግር ሊሆን የሚገባውን ወዲያና ወዲህ አድርጋ ገጣጠመችው። ሥራውም በ2025 በሎስ አንጀለስ ለሕዝብ ታየ። እንግዲህ አንዱ ከተማ ሁለቱንም መንገድ ይዟል። የቀለጠው ነሐስ ንጹሕ ነው፤ ምንም ይሁን ምን ሊሠራበት ይቻላል፤ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ግን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። የተቈራረጠው ጄኔራል ግን ራሱ ይናገራል፤ የፈረሱን ኮቴ ያየ ሰው ምን እንደ ነበረ ያውቃል፤ ምን እንደ ደረሰበትም ያያል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ከስድስት ኪሎ የተማርሁት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው፣ አርቲስቱም ቢሆን ያዘዘውን ያገለግላል የሚል ነው። እውነት ነው። በደረጃው ጫፍ ላይ ያለው አንበሳ የዙፋን ምልክት ነበረ፤ ዙፋኑም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደቀ። ስለዚህ ዛሬ በስድስት ኪሎ የምናየው ከአንድ የወደቀ መንግሥት እርከን በላይ የተቀመጠ የሌላ የወደቀ መንግሥት አንበሳ ነው። ነገር ግን ይህ ሥራውን አላበላሸውም፤ ይልቁንም አጠለቀው። በሠሪዎቹ ዘመን አንድ ነገር ብቻ ይል የነበረ፣ ለእኛ ሁለት ነገር ይላል። ከዚያ ላይ ሦስተኛ የሚጨምር ቢመጣ ግን እኔ እከለክለዋለሁ፤ አንዳንድ ነገር ከተናገረ በኋላ ሊተዉት ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ የከበደ ነው፤ የሙታን ነገር ነው። ከጥቍር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመውን የትግላችን ሐውልት ታውቁታላችሁ፤ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ቅርጻ ቅርጹም በሰሜን ኮሪያ ሰዎች እጅ ተሠራ። 50 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ዘንግ ጫፍ ላይ ቀይ ኮከብ አለበት፤ የደርግ መሪዎችም በግድግዳው ላይ ተቀርፀዋል። ይህ ፕሮፓጋንዳ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ነገር ግን በዚያው ግቢ ውስጥ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጦርነት የወደቁ የኩባ ወታደሮች ፎቶግራፍ ተደርድሯል፤ ሐውልቱም በዚያው ጦርነት ለሞቱት ለኢትዮጵያውያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ከሐረርጌና ከባሌ ቆላ ያልተመለሰ ልጅ ያላት እናት ስንት ናት? ከዚህ ላይ ማንም ቀራፂ ለጥበብ ብሎ እጁን እንዲያነሣ አልፈቅድም። ሌኒን በኢትዮጵያ ያረፈ ዘመድ የለውም፤ ሊቈረጥም ሊገጣጠምም ይቻላል። የሟች ምልክት ካለበት ግን አስቀድሞ የሚጠየቀው አርቲስቱ ሳይሆን ቤተ ሰቡ ነው። ወሰኑ ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እናንተ ድርሻ ልመለስ። አንድ ሠዓሊ ከዚህ ዓይነት ዕቃ ሊሠራ ቢያስብ ከየት ያገኘዋል? ከምናለሽ ተራ ነው እንዳትሉኝ። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ ሽቦና የኮምፒውተር ቍርጥራጭ እየገዛ፣ በየዓለሙ ሙዚየም የሚሰቀል ሥራ ሠርቷል፤ በአዲስ አበባም ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመው የዞማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፍቷል። ውዳቂ በአዋቂ እጅ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደዚያ መሄድ ይበቃል። ነገር ግን የፖለቲካ ዕቃ እንደ ኮምፒውተር ቍርጥራጭ ገበያ ላይ ተዘርግቶ አይጠብቅም። በመንግሥት ግምጃ ቤት ውስጥ ነው የሚገኘው። በሞዴል 19 ገብቷል፤ በሞዴል 22 እስኪወጣ ድረስ ከተሰበረ ወንበርና ከከሸነ የጽሕፈት መኪና ጋር ይቀመጣል። ከዚያ አንድ ቀን ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ «አገልግሎት የማይሰጥ ልዩ ልዩ ብረታ ብረት» ተብሎ በኪሎ ይመዘናል፤ በጨረታ ይሸጣል፤ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። በቃለ ጉባኤው ላይ ያ ብረት ምን ተጽፎበት እንደ ነበረ አንዳች ቃል አይገኝም። ሌባ አልሰረቀም፤ ደንብም አልተጣሰም፤ ነገር ግን አንድ ዘመን ከነፊደሉ ጠፍቷል።

እኔ የምጠይቃችሁ ደንብ እንድትጥሱ አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት ዕቃው ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በላዩ ያለው ጽሑፍ ቃል በቃል ይገልበጥ፤ የት ቆሞ እንደ ነበረና መቼ እንደ ተነሣ የሚያስታውስ ዘበኛ ወይም ጡረተኛ ካለ ቃሉ ይመዝገብ። በአንድ ገጽ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ለአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወይም ለአቅራቢያው ዩኒቨርሲቲ አንድ ደብዳቤ ይጻፍ፤ የሚፈልገው ካለ ይመልሳል፤ ከሌለ ጨረታው ይቀጥላል። የዘገየው ጨረታ ለመንግሥት ገንዘብ የሚያጎድለው ጥቂት ነው፤ እንዲያውም የታወቀ ታሪክ ያለው ብረት ከማይታወቀው ይልቅ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል።

ከአለቃችሁ ዘንድ ይህን ስታቀርቡ፣ «ያለፈውን መንግሥት ዕቃ ለምን ታስቀምጣለህ? ትናፍቀዋለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣባችሁ ይችላል። ይህ ጥያቄ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም፤ በአገራችን በዚህ ጥያቄ ብዙ ሰው ተጐድቷል። ለዚህ ነው ነገሩ በአንድ ሠራተኛ ደግነት ሳይሆን በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ በቍጥርና በቀን እንዲሠራ የምመክረው። በመዝገብ ያለ ዕቃ የማንም ናፍቆት አይባልም።

እንደ ጎሮ ባለች ወረዳ ያላችሁ የንብረት ሠራተኞች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለባችሁ፤ እርሱም ዝናብ ነው። በባሌ ደጋ ክረምቱ አንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ አይደለም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ በደጅ የተጣለ ቆርቆሮ ጽሑፉ ሳይለይ ይዝጋል። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ከእጃችሁ ቢገባ ፊቱን አትጠቡት፤ ዝገቱንም አትፈግፍጉት፤ ቀለሙ አብሮ ይነሣልና። ከመሬት ሁለት እንጨት አጋድማችሁ፣ በላዩ አቁማችሁ፣ ከግድግዳው ትንሽ አርቃችሁ አስደግፉት፤ በኬሻ ብትሸፍኑት ኬሻው ደረቅ ይሁን። የቀሩትን ብሎኖችም አትጣሉ፤ በከረጢት አድርጋችሁ ከጀርባው እሰሩለት፤ ቀራፂው ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነርሱን ነው።